ጥለቱ ወደ ላይ

ሰባቱ ሴቶች አዲሱን ነጠላ ለብሰው መስታወቱ ፊት ሲሰለፉ መጀመሪያ የሳቀችው የትናየት ናት። «ኧረ ማን ሞተብን?» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ሌሎቹም ሳቁ። ሳቁ ግን እርጥብ እንጨት ላይ እንደተጫረ ክብሪት ወዲያው እልም አለ። ጤናዬ አልሳቀችም። በዕድሜ ከሁሉም ትበልጣለችና ከኋላ ቆማ በልጆቹ ትከሻ አሻግራ መስታወቱን አየች። ሰባት ሴት፣ ሰባት ነጭ ነጠላ፣ ጥለቱ በሰባቱም አንገት ሽቅብ ወጥቶ አገጭ ነክቷል። ለቅሶ ቤት ደጃፍ የቆሙ ነው የሚመስሉት። የቀረው ሬሳው ብቻ ነው።

ክፍሉ በስሜን ተራራ ቡይት ራስ ላይ ባለው ሎጅ የሠራተኞች ልብስ መቀየሪያ ነው። ከማጠቢያው ጎን ያለች፣ አንድ መስኮት ብቻ ያላት፣ ክረምት ከበጋ ሳሙናና እርጥብ ብርድ ልብስ የምትሸት ክፍል። ጥቅምት ቢገባም ጉሙ ከገደሉ ሥር ሽቅብ እየወጣ ግቢውን ውጦታል፤ ከመስኮቱ ሦስት እርምጃ የማይርቀው የውሃ ታንከር እንኳ አይታይም። ነጠላዎቹ ትናንት በካርቶን የመጡ ናቸው። ሐሰት አይነገርም፣ ጥሩ ነጠላ ነው፤ ፈትሉ የቀጠነ፣ ጥለቱ አረንጓዴ፣ መሀሉ ላይ የሎጁ ምልክት የሆነችው ዋልያ በቢጫ ክር የተጠለፈችበት። ሥራ አስኪያጁ ሚናስ በሩ ላይ ቆሞ ስልኩን ወደ እነሱ አዙሮ ፎቶ ያሳያል። ፎቶው ላይ አንዲት ቆንጆ ልጅ ጥለቱን ጉንጯ ድረስ አውጥታ ትስቃለች። «እንደዚህ» አለ። «ጥለቱ ወደ ላይ። ዋልያዋ ፊታችሁ አጠገብ ትሁን። እንግዳ ፎቶ ሲያነሳችሁ አብራ ትወጣለች። ማተብ ደግሞ ሸሚዝ ውስጥ ይግባ፤ ከዋልያዋ ጋር እየተደራረበ ያበላሻል።»

ሚናስ ክፉ ልጅ አይደለም። ከአዲስ አበባ ከመጣ አራት ወሩ ነው፤ ሠራተኛ ሲታመም በራሱ መኪና ጤና ጣቢያ ያደርሳል፣ የማንንም ስም አይረሳም። ለቅሶ ቤት ቁጭ ብሎ የሚያውቅ ግን አይመስልም። ጤናዬ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አቶ ሚናስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እንዲህስ አይለበስም።»

«ምኑ፣ እትዬ ጤናዬ?»

«ነጠላ ወግ አለው። ቤተ ክርስቲያን ሲኬድ በመስቀልያ ይጣፋል። ለደስታውም፣ ለገበያውም፣ ለሥራውም ጥለቱ ወደ ታች ነው። ሽቅብ የሚወጣው፣ የሚዘቀዘቀው፣ ሰው ሲሞት ነው። እኔ ደግሞ በሕይወት ያሉ ሁለት ልጆች አሉኝ።»

ሚናስ ወደ ልጆቹ ዞረ። «እውነት ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። የእንጀራ ነገር ነውና ሁሉም ጫማቸውን አዩ። የትናየት እንኳ፣ ያቺ ምላሷ ጅራፍ የሆነችው፣ ጫማዋን አየች። «አያችሁ?» አለ ሚናስ፣ «ጨርቅ እኮ ነው። ባለቤቶቹ አጽድቀው የፈረሙበት ደንብ ነው። ከስንት ጊዜ በኋላ እንግዳ የምናየው ዛሬ ነው። የማይስማማው ሰው አሁኑኑ ይንገረኝ፣ አልቀየምም። በር ላይ ስንት ሥራ ፈላጊ እንዳለ ግን ታውቃላችሁ።»

ጤናዬ ታውቃለች። ሎጁ ተዘግቶ በከረመባቸው ወራት እንጨት ተሸክማ ሸጣለች፣ የሰው ልብስ አጥባለች። ልጇ ናዝራዊት ጎንደር ነርስነት ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀርቷታል፤ የእሷ የቤት ኪራይ፣ የእሷ ምግብ፣ ከዚህ ከአልጋ ማንጠፉ ነው የሚወጣው። ታላቅዬው ክንዴ ጭነት በበቅሎ ያመላልሳል። አሁንም ለጥናት የመጡ ሰዎች ዕቃ ጭኖ ተራራውን ተሻግሮ ወደ በየዳ ወረዳ ከሄደ ዛሬ ሰባተኛ ቀኑ ነው። በአምስተኛው ቀን ኔትወርክ ካለበት ጉብታ ላይ ሆኜ እደውላለሁ ብሎ ነበር። አልደወለም። ዛሬ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ጎረቤቷ ደብሪቱ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ «ደወለ?» ብላ ጠየቀቻት። «አልደወለም» አለቻት። «ይደውላል፤ የወንድ ልጅ ስልክ ባትሪው ሁሌ ሙት ነው» አለች ደብሪቱ፣ እየሳቀች። ደብሪቱ እንዲህ ናት። የራሷ ልጅ ቻላቸው መጣሁ ብሎ እንደወጣ ሦስት ዓመቱ ነው። ድምፁን የሰማ የለም፣ ያየው የለም፣ መርዶም አልመጣ። መርዶ ካልመጣ ደግሞ አይለቀስም። ከዚያ ወዲህ ደብሪቱ የሰው ለቅሶ ስትሄድ እንኳ ነጠላዋን አትዘቀዝቅም፤ ሠላሳ ሴት ዘቅዝቃ በተቀመጠችበት እሷ ብቻ ጥለቷን ወደ ታች ጥላ ትቀመጣለች። ሰው ያማታል። በፊቷ ግን ማንም ትንፍሽ ብሎባት አያውቅም።

እንግዲህ ጤናዬ ነጠላውን ለበሰች። ማተቧን ወደ ሸሚዟ ስትከት ክሩን በሁለት ጣቷ ይዛ «የልጄን ነገር አደራህን» አለች። እናቷ ያለ ሞት የተዘቀዘቀ ነጠላ ሞትን ይጠራል ይሉ ነበር። የነፍስ አባቷ አባ ወልደ ሩፋኤል ይህን ቢሰሙ «ጨርቅ ነው ወይስ እግዚአብሔር ነው ነፍስ የሚወስደው?» ብለው ይቆጧታል። ታውቃለች። ማወቅና ሆድ ግን ለየብቻ ናቸው።

ሥራው ተጀመረ። ጤናዬ መጀመሪያ ያስተዋለችው ዝምታውን ነው። ማእድ ቤት ሁልጊዜ የሚጮኸው ሬዲዮ ተዘግቷል። ማን ዘጋው ብትል ማንም አላወቀም። ልጆቹ ኮሪደሩ ላይ ሲተላለፉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ፤ ባልዲ ሲያስቀምጡ እንኳ የተኛ ሰው እንዳይነቃባቸው እንደሚፈሩ ቀስ አድርገው ነው። አራት ሰዓት ላይ ለቁርስ ስትወርድ ደግሞ ስድስቱም ከወንበሩ ወርደው፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ መሬት ላይ ተደርድረው አገኘቻቸው። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። «ምነው መሬት?» አለች። እርስ በርሳቸው ተያዩ። «እንጃ፣ እንዲሁ ተቀመጥን» አለች የትናየት፤ ጠዋት የሳቀችው ልጅ አሁን ፊቷ ላይ ሳቅ የሚባል የለም። ጤናዬም ልትቆጣቸው አፏን ከፈተችና፣ ምን እንደጎተታት ሳታውቅ፣ ጫፍ ላይ ካለችው ልጅ አጠገብ ቁጭ አለች። ሰባት ሆነው ደረቅ ዳቧቸውን በዝምታ በሉ። ጉሙ በበሩ ሥር እየገባ እግራቸው ላይ ይተኛል።

ሰባት ቁጥር ክፍል ውስጥ የባሰ ገጠማት። አልጋ ማንጠፍ ለእሷ እንደ መተንፈስ ነው፣ እጇ ራሱ ያውቀዋል። አንሶላውን ዘረጋች፣ ጠርዙን አጠፈች፣ ብርድ ልብሱን አለበሰች። ትራሱን ልታስተካክል ዞር ስትል አንሶላውን ከትራሱ በላይ፣ እስከ አልጋው ራስጌ ድረስ፣ ከላይ እስከ ታች አልብሳው አየች። ሬሳ እንደሚከደነው ነው። ይህን ያደረገችው እሷ ናት፤ እጆቿ ናቸው። አንድ ነገር ስታንጎራጉር እንደነበርም የዚያን ጊዜ ነው የሰማችው። የምታንጎራጉረው ባሏ በሞተ ጊዜ ያወጣችውን ሙሾ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አስራ አንድ ዓመት በአፏ ዞሮ የማያውቅ። በሙሾው የምትጠራው ስም ግን የባሏ አልነበረም። አንሶላውን ከራስጌው ገፍፋ ጣለችውና አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ አቡነ ዘበሰማያት ደገመች። ስልኳን አወጣች። ክንዴ ጋ ደወለች። የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን አይገኙም።

ከስድስት ሰዓት በኋላ ሚናስ ጠራት። ደባርቅ ልብስ ሰፊው ብርሃኔ ጋ የተሰፋ መጋረጃ አለ፤ ሄዳ ልኩን አይታ ለሾፌሩ ለአለምነህ ታስረክብ፣ ከዚያ እዚያው ቤቷ ትግባ። ጠዋት በተናገረችው ሊያሳርፋት የፈለገም ይመስላል። «ደክሞዎታል ዛሬ» አላት። እሷም አመሰገነችው። ጤናዬ በሆዷ፣ ከግቢው በር እንደወጣሁ ነጠላዬን እገለብጣለሁ ብላ ነበር። መኪናው ቁልቁል ሲወርድ ግን ሐሳቧ በየዳ ነው፤ የትኛው ገደል፣ የትኛው ወንዝ፣ የቱ በቅሎ ይሆን እግሩ የከዳው ትላለች። አለምነህ አንድ ሁለት ጊዜ ስለ ናፍጣ ወረፋ አወራ፣ መልስ ሲያጣ ተወው። እሱም ቢሆን ሰባቱን ሴቶች ከማለዳ ጀምሮ እንደዚያው ስላያቸው ዐይኑ ለምዷል። አስፋልቱ ዳር አወረዳትና ቤንዚን ማደያ ሄደ። ጤናዬም ነጠላዋን እንደተዘቀዘቀ፣ ጥለቱን አገጯ ሥር እንዳደረገች፣ ገበያውን ሰንጥቃ ገባች። ረሳችው። በግማሽ ቀን ቆዳዋ ሆኖ ነበር።

ነጭ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴትዮ በየሳምንቱ ከጤናዬ ጋር ትጨቃጨቃለች። ባለፈው እንኳ በአንድ መደብ ሽንኩርት ላይ አሥር ብር ጨመርሽ ተባብለው ሊኮራረፉ ምንም አልቀራቸው። ዛሬ ጤናዬን ከሩቅ ስታያት ከመደቧ ብድግ አለች። ለምንም የማትነሣ ሴት፣ ተነሥታ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ዝቅ አለችላት። ጤናዬ ግራ ገብቷት አለፈች። ድንች የሚመዝነው ሰውዬ ሚዛኑን አቆመ። ሁለት ሴቶች ወሬያቸውን አቋርጠው መንገድ ለቀቁላት። ስታልፍ ከኋላዋ አንዲት «ውይ፣ እኔን!» ስትል ሰማች። ዞር ስትል ሁሉም ዐይናቸውን ሰበሩ።

ብርሃኔ ሱቅ ገባች። ብርሃኔ ሠላሳ ዓመት የሰፋ፣ ኳስ በሬዲዮ እያዳመጠ ከመኪናው ጋር አብሮ የሚጮኽ፣ ሴቱን ሁሉ «እታለም» እያለ የሚያሾፍ ሰው ነው። እሷን ሲያይ እጁን ሰዶ ሬዲዮውን ዘጋ። ከመኪናው ተነሣ፣ የራሱን ወንበር አመጣላት። ስለ መጋረጃው ስትጠይቀው «እሱ ይደርሳል፣ እኔ ራሴ እወስደዋለሁ» አላት። ልኩን ልየው ብትለው «ተይው አሁን» አለ። ትንሽ ቆይቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ፣ ክር የሚፈልግ መስሎ፣ «ናዝራዊት… ሰምታለች?» ብሎ ጠየቃት።

«ምኑን?»

ብርሃኔ አልዞረም። ክሩን ፈለገ። ክሩ እጁ ላይ ነበር።

ጤናዬ ይህን ዝምታ ታውቀዋለች። ስንት ጊዜ ራሷ እዚያ ወዲያ ማዶ ቆማለች። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚሰማው ጎረቤት ነው፤ እናት መጨረሻ ናት። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ንጋት ላይ በሯ ተንኳኩቶ መርዶ እስኪነገራት ሁሉም አፉን ይዘጋል። ይስቃል፣ ያወራል፣ ዐይኗን ግን አያይም። አንዷን ጎረቤቷን ሦስት ቀን ሙሉ እየሳቀች አብራት ውሃ ቀድታለች፣ የጎረቤቷ ልጅ መሞቱን እያወቀች። ታዲያ ዛሬ የነጭ ሽንኩርቷ ሴትዮ፣ ባለ ድንቹ፣ መንገድ የለቀቁት ሴቶች፣ አሁን ደግሞ ብርሃኔ። ሁሉም ያውቃሉ። የማታውቀው እሷ ናት።

«ብርሃኔ» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «በጊዮርጊስ ይዤሃለሁ። አትሸሽገኝ።»

ብርሃኔ ዞረ። ዐይኑ እንባ ሞልቷል። «እግዜር ያጥናሽ፣ እታለም። ሌላ ምን እላለሁ?»

«ክንዴ!» ብላ ስትጮኽ አስፋልት ማዶ ተሰማ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጤናዬ በቅጡ አታስታውሰውም። ሁለት ሴቶች በብብቷ ገብተው ይዘዋት ሄዱ። መንገዱ ላይ «ማን ነው?» ሲባል «ልጇ ነው፣ ክንዴ ነው» ሲባል ትሰማለች። ቤቷ ሳትደርስ የእድሩ ጡሩንባ ተነፋ። ጡሩንባው የልጇን ስም ይዞ በሰፈሩ ሲዞር ሰማች። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷት ነበር፤ እንደ ሸማ ክር የቀጠነች ተስፋ፣ ምናልባት ሰው ተሳስቶ ይሆናል የምትል። የግቢዋ በር ላይ ስትደርስ ያቺም ተበጠሰች። ደብሪቱ እየሮጠች መጣች። ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ለማንም ያልተዘቀዘቀው የደብሪቱ ጥለት አንገቷ ላይ ወጥቷል። እሱን ስታይ ጤናዬ አመነች።

ድንኳኑ ተተከለ፤ ቤቱ ሞላ። ከአልጋዋ ላይ ፍራሹ ወርዶ መሬት ላይ ተነጠፈላት። ሴቶቹ ግድግዳውን ይዘው ከዳር እስከ ዳር ተቀመጡ፣ አርባም ይሆናሉ፣ ሁሉም ዘቅዝቀዋል። ለቅሶው አንዴ ይነሣል፣ አንዴ ይወድቃል። ከሁሉም በላይ የምታለቅሰው ግን ደብሪቱ ናት። ከተለቀሰው ያልተለቀሰው ይበልጣል እንዲሉ፣ ከሆዷ የሚወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም፤ ከገደል ሥር የሚመጣ ንፋስ ነው።

«የት ወድቀህ ይሆን፣ ማን ዐይንህን ከደነው፣
ሦስት ዓመት ሙሉ በሬን ያላንኳኳህ ምነው?»

ጤናዬ በእንባዋ መሀል ሰማችው። ክንዴ ከወጣ ሰባት ቀኑ ነው። ሦስት ዓመት ከየት መጣ? ደግሞም ደብሪቱ እስካሁን አንድ ጊዜ እንኳ ክንዴ ብላ አልተጣራችም። ሐሳቡ መጣና ሌላ ለቅሶ ሲነሣ ጠፋ።

አሥር ሰዓት ሲሆን አባ ወልደ ሩፋኤል ገቡ። መስቀላቸውን አሳለሟትና አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ» አሉ። «ለፍትሐቱም፣ ለመቃብሩም እንድናስብበት ነውና፣ ሬሳው መቼ ይገባል? መርዶውንስ ማን አመጣው?»

«ብርሃኔ ነው አባቴ» አለች።

ብርሃኔ ከድንኳኑ ተጠራ። ቆቡን በእጁ ይዞ ገባ። «እኔ?» አለ። «እኔማ ለቅሶ ልደርሳት እንጂ! እሷ ራሷ ተረድታ ነው የመጣችው። ስለ ናዝራዊት ብጠይቃት ምኑን አለችኝ፤ ሐዘኑ አደንዝዟት ነው ብዬ ተውኩት።»

«እኔ አልተረዳሁም ነበር!» አለች ጤናዬ። «የነጭ ሽንኩርቷ ሴትዮ ናት መጀመሪያ የተነሣችልኝ።»

«እኔማ አንቺን አይቼ ነው የተነሣሁት» አለች ሴትዮዋ ከጥግ።

«አንቺስ ደብሪቱ?»

«እኔ ጡሩንባውን ሰምቼ።»

«ጡሩንባ ነፊውስ?»

«ሴቶቹ ክንዴ ሲሉ ሰምቼ፣ አባቴ» አለ ጡሩንባ ነፊው ከበሩ። ጥያቄው በቤቱ ዞሮ ዞሮ እያንዳንዱ ወደ ጎኑ እያሳለፈው ተመልሶ ጤናዬ ፊት መጥቶ ቆመ። ክንዴ ሞተ ያለ ሰው የለም። አንድም ሰው። ታዲያ ብርሃኔ ቀስ ብሎ ጣቱን አነሣና አንገቷን አመለከተ።

«ተዘቅዝቆ አየነው።»

ጤናዬ ቁልቁል አየች። ቢጫዋ ዋልያ ከአገጯ ሥር ቆማ፣ በክር ዐይኗ ትመለከታታለች።

የሥራ ልብስ እንደሆነ፣ ደንብ እንደሆነ፣ መገልበጥ እንደረሳች ነገረቻቸው። ሲሰማ የሚያስቅ ነገር ነበር፤ የሳቀ ግን የለም። የተነሣም የለም። ሞተ ያለ እንደሌለ ሁሉ አለ የሚልም የለምና። ሰባት ቀን ድምፁ አልተሰማም፤ ስልኩ አሁንም አይሠራም። አርባ ሴት የምታለቅስበት ሳይኖራት፣ የምትነሣበት ሳይኖራት፣ እንደተዘቀዘቀች ቁጭ አለች። አባ ወልደ ሩፋኤልም መቋሚያቸውን ተደገፉ። የድንኳኑ ሸራ ብቻ ንፋሱን እየጠጣ ይነፋል፣ ይሟሽሻል፤ ሰው እንደሚተነፍስ።

በዚያ ዝምታ መሀል መኪና ቆመ። ሚናስ ነው፤ ወሬው ሎጁ ድረስ ወጥቶ፣ እንግዶቹን ለወንዶቹ ትቶ፣ የትናየትንና አምስቱን ልጆች ጭኖ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ልጆቹ በዩኒፎርማቸው ናቸው፣ ጥለቱ ወደ ላይ። ገብተው በሴቶቹ መሀል ሲቀመጡ ከሌላው አልተለዩም፤ ከጠዋት ጀምሮ ለዚህች ሰዓት ሲዘጋጁ የዋሉ ነው የሚመስሉት። ሚናስ ግን በሩ ላይ ቀረ። ዐይኑ ከግድግዳው ጥግ ተነሥቶ በእያንዳንዷ ሴት አንገት ላይ እየቆመ እስከ ሌላው ጥግ ሄደ። አሮጊቷም፣ ወጣቷም፣ ባለጠጋዋም፣ ደሃዋም። ሁሉም እንደ ፎቶው።

«አየህ ልጄ?» አለችው ጤናዬ። ከመጣ ጀምሮ አንቱ ስትለው የነበረች ሴት ናት። «ጨርቁን አየኸው?»

ሚናስ ጫማውን አየ።

ስልኳ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። ፍራሹ ሥር ነበር። አርባው ሴት ትንፋሹን ያዘ። ጤናዬ ቁጥሩን አየችው፤ የክንዴ ነው፤ አንስታ ጆሮዋ ላይ አደረገች። ወዲያ ማዶ ንፋስ ብቻ ይሰማል።

«…እማዬ?» አለ ድምፁ በመጨረሻ። «አንቺ ነሽ?»

«ክንዴ?»

«በሕይወት አለሽ?»

«አንተስ? አንተስ አለህ?»

የጭነት መኪና ሾፌር ነው አሉ መንገድ ላይ ያገኘው። ደባርቅ ቤታችሁ ድንኳን ተጥሏል፣ ጡሩንባ ሲነፋ ሰምቼ ነው የወጣሁት ብሎ ነገረው። ለክንዴ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ያለች ሰው እናቱ ብቻ ናት፤ የሞተችው እሷ መሰለችው። አንዷ በቅሎ አንክሳበት ነው ሁለት ቀን የዘገየው እንጂ እሱ ምንም አልሆነ። የሾፌሩን ስልክ ቻርጀር ለምኖ፣ የእናቱን ሞት ሊሰማ፣ የእናቱን ቁጥር ደወለ። «ታዲያ ማን ነው የሞተው፣ እማዬ? ድንኳኑ የማን ነው?» አላት።

«ማንም» አለች ጤናዬ፣ እየሳቀችና እያለቀሰች። «ማንም አልሞተም ልጄ። ተመስገን በለው።»

እልልታው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። አባ ወልደ ሩፋኤል ተነሥተው አማተቡ። ጤናዬ ነጠላዋን ገፍፋ ጥለቱን ወደ ታች ጣለችው። ከእሷ ቀጥላ የነጭ ሽንኩርቷ ሴትዮ ገለበጠች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላዋ። የጨርቁ ድምፅ እንደ ርግብ ክንፍ በግድግዳው ዙሪያ ሄደ። የትናየትና ልጆቹ ሚናስን አዩት። «ገልብጡት» አለ ቶሎ ብሎ፣ «ገልብጡት እንጂ! ከነገ ጀምሮም ወደ ታች ነው።» እነሱም ገለበጡ። ድምፁ እየዞረ መጥቶ ደብሪቱ ጋ ሲደርስ ቆመ።

ደብሪቱ አልገለበጠችም። ጉልበቷን አቅፋ፣ ጥለቷ አፏ ላይ ደርሶ፣ መሬት መሬት ታያለች። እልልታው አንድ በአንድ ጠፋ። አንዷ ሴት «ደብሪቱ፣ አለ እኮ፣ ክንዴ አለ» ብላ ትከሻዋን ነካች።

«ሰምቻለሁ» አለች ደብሪቱ። «ተመስገን። የሷ አለ።»

ማስረዳት አላስፈለጋት፤ ሦስት ዓመቱን በዚያ ቤት ያልቆጠረ ሰው አልነበረም። ጤናዬም ያ ሙሾ የማን እንደነበር አሁን ገባት። ወደ አባ ወልደ ሩፋኤል ቀና አለች። ሽማግሌው ደብሪቱን አዩ።

«እኔ ሞቷል አልልም፤ አላየሁም» አሉ። «አለ ብዬም አልዋሽም። ፍትሐት አልፈታም። እናት ላልቅስ ብትል ግን የሚከለክል መጽሐፍ እኔ አላነበብኩም።» ይህን ብለው በርጩማዋ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

ውጭ ድንኳኑን ሊያወርዱ ገመድ መፍታት የጀመሩት ወንዶች እጃቸውን ሰበሰቡ። ጤናዬ ከፍራሹ ተነሣች። ደብሪቱን በብብቷ ይዛ፣ የሐዘንተኛው ቦታ ላይ፣ ራሷ በተነሣችበት ሙቀት ላይ አስቀመጠቻት። ከዚያ ሁሉም እያያት የነጠላዋን ጥለት በሁለት እጇ አነሣች፤ እንደገና ሽቅብ አወጣችው፣ አገጯ ድረስ። ዘቀዘቀችና አጠገቧ ቁጭ አለች። የነጭ ሽንኩርቷ ሴትዮ ተከተለች። የትናየት ማንንም ሳታይ ተከተለች።

ሚናስ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ «እትዬ ጤናዬ፣ ነገ እንዳይቸኩሉ፣ አርፍደው ይምጡ» አላት፣ በሹክሹክታ።

«ነገ አልመጣም» አለችው። «ከነገ ወዲያም አልመጣም። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀምጫለሁ። ስገባ ጥለቴ ወደ ታች ይሆናል።»

ሚናስ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ጫማውን አውልቆ ገባና ወንዶቹ መሀል መሬት ላይ ተቀመጠ። ደብሪቱ አፏን ከፈተች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በር ላይ ቆሞ የነበረውን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ በለቅሶ ድምፅ ጠራችው።

«ቻላቸው!»

አርባውም ሴት መለሰላት።